ነጩን ብቻ

እሑድ ነው። ዛሬ ቀለም የለም፣ ባልዲ የለም፣
አንጸባራቂው ሰደርያዬም ከሚስማሩ አልወረደም።

ስድስት ሌሊት ሙሉ ከአስፋልት ጋር አድሬ፣
ንጋት ላይ ስገባ፣ ጫማዬን በራፍ ላይ ቀስ ብዬ አኑሬ፣
ተኝቶ አገኘዋለሁ፣ አፉን ከፈት አድርጎ፣
አንድ እግሩን እናቱ ላይ ጭኖ፣ ሙቀቷን ፈልጎ።
ስነቃ እሱ የለም፤ ትምህርት ቤት ሄዷል፣
ማንኪያው ሣህኑ ላይ፣ ካልሲው ወለሉ ላይ ቀርቷል።
ሲመለስ እኔ የለሁም፤ የሰው ግድግዳ እቀባለሁ፣
ኑሮ ነው፤ በአንድ እጅ ሁለት ደሞዝ አሳድዳለሁ።
በተወው ዕቃ ነው ዮፍታሔን የማውቀው፤
እሑድ ግን እጁ ነው እጄን የሚያሞቀው።

ከፒያሳ ወረድን በቸርችል ቁልቁለት፣
እሱ እየነጠረ፣ እኔ ጉልበቴን እየለመንኩት።
ፖስታ ቤቱ ጋ ቆሎ ገዛን፣ በጋዜጣ ጥቅል፣
ኦቾሎኒውን ለቅሞ፣ ገብሱን ለኔ ሲያካፍል።
ሌሊት የጣለው ዝናብ አስፋልቱን አጥቧል፣
ሚኒባሱ ሁሉ ዛሬ ዓይነ አፋር ሆኗል።

ብሔራዊ ቴአትር ጋ፣ ከድንጋዩ አንበሳ ማዶ፣
ዜብራው አፍ ላይ ቆመ።
«አባ፣ ጥቁሩን እንዳትረግጥ፤ ጥቁሩ ወንዝ ነው፣
አዞ አለበት፤ ትናንት የአንድ ልጅ ጫማ በላው።»
ዘለለ። ዘለልኩ። አንድ ላዳ ጡሩምባውን ነፋብን፣
«ሜዳ መሰላችሁ?» እያለ። እኛ ግን ወንዝ ላይ ነበርን።

ማዶ ስንደርስ፣ «ይሄን ማነው የሳለው?»
«እኔ ነኝ» አልኩት። «አንተ? ውሸትህን ነው!»
(አስተማሪዋ ስትጠይቀው ያባቱን ሥራ፣
«ሌሊት ይወጣል» ብሏት፣ «ጥበቃ» ብላ ጽፋለች ከስሙ ጋራ።)
ስለዚህ ተንበርክኬ፣ መዳፉን ይዤ አስነካሁት፣
ቀለሙ ውስጥ የተበተነውን የመስታወት ዱቄት፣
የመኪና መብራት ሲያየው መልሶ እንደሚያይ ነገርኩት፤
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከተማው የማን እንደሆነም።
የውሾች። የውሾችና የኛ።

አራተኛው መስመር ላይ ጣቱ ቆመች።
«ይሄስ ለምን ጠመመ?»

ሁለት ዓመቱ ነበር ያኔ፣
በትኩሳት ሲነድ እናቱ ደወለች ለኔ፤
ሮለሩ በእጄ፣ ስልኩ በትከሻዬ ተይዞ፣
«ሆስፒታል ደርሰናል» እስክትል እግሬ ደንዝዞ፣
ቀለም ግን አይጠብቅም፣ ይደርቃል። ገፋሁ።
መስመሩ ወደ ቤታችን ትንሽ ዞር አለ።
በየዓመቱ ስናድሰው ያንኑ ፈለግ እከተላለሁ፤
ላቃናው እችል ነበር። ለምን እንደሆን እንጃ፣ እተወዋለሁ።

«ታመህ ነበር» አልኩት፣ «እጄ ተንቀጠቀጠ።»
ጎንበስ ብሎ መረመረው፣ እንደ ሐኪም፤
«እኔ ድኛለሁኮ» አለ፣ «መስመሩ ግን አልዳነም።»

ከዚያ ወዲያ እስከ ለገሃር፣ ከለገሃር እስከ ስታዲየም፣
ያላየው ጠማማ፣ ያልጠየቀኝ በሽተኛ የለም፤
«እዚህ ጋ ማን ታሞ ነው?» «ማንም፤ ዝናብ ነው ያበላሸው።»
«እዚህስ?» «ይሄ የየሺጥላ ነው፤ በማግስቱ ሰርጉ ነው።»

መስቀል አደባባይ፣ ሯጮች ደረጃውን ሲወጡ ሲወርዱ፣
ባለ ጎማ ጫማ ልጆች ተያይዘው ሲነጉዱ፣
ኳስ ተጫወትን። አምስት ለባዶ አሸነፈኝ፤
ሦስቱን ለቀቅኩለት፣ ሁለቱን ግን የእውነት ነው ያገባብኝ።
የታክሲው ብር በአቮካዶ ጁስ አለቀ፣
በእግር ሆነ መመለሻው፤ ገና ለገሃር ሳንደርስ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ።

ዳገቱ ረጅም ነው። ዮፍቲ ያንኮራፋል።
ነገ ማታ ሦስት ሰዓት ባልዲው ይጠብቀኛል።
ያቺ መስመር ጋ ስንደርስ፣ ግራ ቀኙን አየሁና፣
ነጩን ብቻ እየረገጥኩ ተሻገርኩ፣ ሽማግሌው፣ በቀስታ።
አንዴ ግን ሳትኩ፤ ጥቁሩ ላይ አረፈ ጫማዬ።

ተኝቶ ነበር፣ እምላለሁ፤ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ነበር።
ግን ሁለት እግሮቹን ሰብሰብ አደረገ፣
ውሃው እንዳይነካው።